የላብ ኮዳችሁም ሎት ቁጥር ይኑረው

የላብ ስሌት ኮዳችንን ጊት በሚባል ፕሮግራም እንዴት እንደምንመዘግብ ላጫውታችሁ። የምሠራው የውሃ ጥራት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣልን የጉድጓድ ውሃ ብዙ ስለሆነ ቀኔን የሚበላው ፍሎራይድ መለካት ነው። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ደወለ። «የአምናው ሪፖርት ጠፍቶብናል፣ ድጋሚ አትሙልን» አለ። ምን ችግር አለው፣ ጥሬ ዳታው አለ፣ የሚያሰላው ስክሪፕትም (ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም) አለ። አስነሳሁት። አምና 1.40 ሚሊግራም በሊትር ብለን የፈረምንበት ናሙና 1.55 ሆኖ ወጣ።

የላብ ሰው ያልሆነ «ይቺ ምን ልዩነት ናት» ይል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ 1.5 ነው። ያው ውሃ፣ ያው ንባብ፤ አንዴ አለፈ፣ አንዴ ወደቀ።

ጋሼ ሁለቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉ። የላቡን ኃላፊ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «አንቺ ልጅ፣ የትኛው ነው የእኛ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ፎልደሬ ውስጥ የነበሩት ፋይሎች ስማቸው ይሄ ነበር፦ ፍሎራይድ፣ ፍሎራይድ_አዲስ፣ ፍሎራይድ_ፋይናል፣ ፍሎራይድ_ፋይናል_2፣ ፍሎራይድ_ፋይናል_የእውነት። አምና በየትኛው እንዳሰላሁ እኔም አላውቅም።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የፍሎራይድ ኤሌክትሮድ የሚሰጠን ሚሊቮልት ነው። ያ ናሙና ከ0.1 ስታንዳርዱ (መጠኑ 0.1 ሚሊግራም በሊትር መሆኑ ከሚታወቀው መፍትሔ) በ67.8 ሚሊቮልት ይርቃል። ይህን ወደ ሚሊግራም ለመቀየር በስሎፕ፣ ማለትም መጠኑ አሥር እጥፍ ሲሆን ሚሊቮልቱ በሚቀየርበት ልክ፣ ማካፈል አለባችሁ። ካልኩሌተር ካላችሁ ሞክሩት። 67.8ን ለ59.16 ስታካፍሉ 1.146 ይሆናል፤ 10ን በዚያ ፓወር ስታነሱት 14፤ በ0.1 ሲባዛ 1.40። አሁን በ57 አካፍሉት፤ 1.55 ይመጣል። 59.16 በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ቴዎሪ የሚለው ቁጥር ነው። 57 ደግሞ የዚያን ቀን የካሊብሬሽን (መሣሪያውን በስታንዳርድ የመፈተሽ) መዝገባችን ላይ የተጻፈው፣ ኤሌክትሮዱ በእውነት የሰጠው ነው። በመጀመሪያው ስክሪፕት የቴዎሪውን ቁጥር በእጄ አስገብቼ ነበር። በኋላ ግን ስሎፑን ከዕለቱ ካሊብሬሽን እንዲወስድ አስተካክዬዋለሁ። ማስተካከሌን ለማንም አልነገርኩም፣ የትም አልጻፍኩም። የተሳሳተው የአምናው ነበር። ለደንበኛው የማረሚያ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ስጽፈው ፊቴ ይቃጠል ነበር።

የሚገርመው ላቡ ውስጥ ሌላው ነገር ሁሉ መዝገብ አለው። ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ሲከፈት ሎት ቁጥሩ፣ ማለትም የተመረተበት ዙር መለያ፣ የተከፈተበት ቀን፣ የከፈተው ሰው ይጻፋል። ሎግቡክ ላይ ስትሳሳቱ በነጭ ቀለም መሸፈን ክልክል ነው። በአንድ መስመር ትሰርዛላችሁ፣ የድሮው ቁጥር እንደሚነበብ ይቀራል፣ ቀን ትጽፋላችሁ፣ ትፈርማላችሁ። ገጽ መገንጠል ያስባርራል። ውጤቱን የሚወስነው ኮድ ግን ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት ከፍቶ፣ ቀይሮ፣ ሴቭ አድርጎ ይዘጋዋል።

ጊት የፋይል ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው፤ የሚሠራው ያንን የሎግቡክ ሥራ ነው። የፊንላንዱ ሊነስ ቶርቫልድስ በሚያዝያ 2005 (እ.ኤ.አ.) ነው የጀመረው። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት) ጸሐፊዎች ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ ፕሮግራም በነጻ መሰጠቱ ሲቀር ቶርቫልድስ የራሱን ሠራ። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ለእኛ ከሁሉ የሚጥመው ግን ኢንተርኔት አለመጠየቁ ነው። ታሪኩ በሙሉ የሚቀመጠው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ፣ ፎልደሩ ውስጥ ነው። ኔትወርክ ቢቋረጥ ሥራችሁ አይቆምም።

አንድ ማሳሰቢያ። ከዚህ በታች ትእዛዞቹን የጻፍኩት አፋችን እንደሚጠራቸው ነው። ኪቦርዱ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚመቱት።

መጀመሪያ ቀን

ዊንዶውስ ላይ ጊት ፎር ዊንዶውስ የሚባለውን ጫኑ። ጊት ባሽ የሚባል ጥቁር መስኮት አብሮ ይመጣል፤ ሥራው እዚያ ነው። ከመሣሪያው ጋር የተያያዘው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ከሆነ (የብዙዎቻችን እንደዚያ ነው፣ የመሣሪያው ሶፍትዌር አዲሱ ላይ አልሄድ ስለሚል) የመጨረሻውን ጊት አታውርዱ። ዊንዶውስ 7ን የሚቀበለው የመጨረሻው 2.46.2 ነው። ስክሪፕቶቻችንን የምንጽፍበት ቋንቋ፣ ፓይተንም፣ እዚያ ላይ ከ3.8 አያልፍም።

ስማችሁን ንገሩት፦

ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ዩዘር.ኔም "ስማችሁ"
ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ዩዘር.ኢሜይል "ኢሜይላችሁ"

ሁላችሁም በአንድ የላብ ኮምፒውተር፣ በአንድ አካውንት የምትሠሩ ከሆነ ለውጡ ሁሉ መጀመሪያ ስሙን ባስገባው ሰው ይመዘገባል። እኛ ጋ ለሦስት ወር ያህል ኮዱን ሁሉ የጻፈችው ለልምምድ የመጣች ተማሪ ነበረች፤ በመዝገቡ መሠረት ማለቴ ነው። መፍትሔው ለየሰው የዊንዶውስ አካውንት መክፈት ነው። ካልሆነም ኮሚት ስታደርጉ (ለውጡን ስትመዘግቡ) በ--ኦተር ስማችሁን ጨምሩ።

ከዚያ ኮዱ ያለበት ፎልደር ግቡና መዝገቡን ክፈቱ፣ ፋይሉን አስገቡ፣ ፈርሙ፦

ጊት ኢኒት -ቢ ሜይን
ጊት አድ ፍሎራይድ.ፓይ
ጊት ኮሚት -ኤም "አሁን የምንሠራበት ስክሪፕት እንዳለ"

እዚህ ላይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። «መጀመሪያ ላጽዳው፣ ከዚያ አስገባዋለሁ» አትበሉ። እኔ እንደዚያ ስል አራት ወር አለፈ። ኮዱ የቱንም ያህል አስቀያሚ ይሁን፣ ዛሬ ሪፖርት የሚወጣበት እሱ ስለሆነ የመጀመሪያው ገጽ ላይ መቀመጥ ያለበት እሱ ነው። ፋይናል፣ ፋይናል_2 የሚሉት የድሮ ቅጂዎች ካሉም በቀናቸው ቅደም ተከተል አንድ በአንድ፣ ፍሎራይድ.ፓይ በሚል ስም እየተካችሁ ኮሚት አድርጓቸው። ታሪካችሁ ወደኋላ ይሞላላችኋል።

ኮሚት ማለት በቃ መፈረም ማለት ነው። ጊት ለእያንዳንዱ ፊርማ 40 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይሰጠዋል። መለያው ከይዘቱ ተሰልቶ ስለሚወጣ አንድ ፊደል ብትነኩ ይቀየራል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ ይበቃሉ። የእኛ ሎት ቁጥር ይሄ ነው።

በየቀኑ የሚሠራው

ጠዋት ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ጊት ስታተስ በሉ። ትናንት ያልተፈረመ ነገር ጥላችሁ ከሄዳችሁ ይናገራል። ከቀየራችሁ በኋላ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ጊት ዲፍ፤ የተቀየረውን መስመር በመስመር ያሳያል። የእኔ ለውጥ ቢመዘገብ ኖሮ ጋሼ የሚያዩት ይሄንን ነበር፦

- ስሎፕ = 59.16
+ ስሎፕ = የዕለቱ_ካሊብሬሽን(ቀን)

ሁለት መስመር። የሁለት ቀን ፍለጋዬ በሁለት መስመር ያልቅ ነበር። (አዎ፣ ፓይተን 3 በአማርኛ የተጻፈ የተለዋዋጭ ስም ይቀበላል። የውጭ ሰው የሚያየው ኮድ ላይ ግን አልመክርም።)

ከኮሚት ጋር የምትጽፉት መልእክት ላይ አትሰስቱ። «ተስተካከለ» ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። ምን እንደተቀየረ ዲፉ ራሱ ያሳያል፤ እናንተ የምትጽፉት ለምን እንደተቀየረ ነው። «ስሎፑን ከዕለቱ ካሊብሬሽን እንዲወስድ አደረግሁ፤ የቴዎሪው 59.16 ዝቅተኛ ስለሚያሳይ። ከዚህ በፊት የወጡ ሪፖርቶችን ይነካል።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወርቅ ናት። በአማርኛ ጻፉት፣ ጊት ችግር የለበትም። መስኮቱ ላይ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታያችሁ የፎንት ጉዳይ ነው፣ መልእክቱ አልተበላሸም።

የአማርኛ የፋይል ስም ላይ ግን አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። «ላብ» የሚል ፋይል ጊት ስታተስ ላይ 341 210 213 እያለ በቁጥር ይደረደራል። እኔ ቫይረስ መስሎኝ ነበር። ጊት ከእንግሊዝኛ ውጭ ያለ ፊደልን በነባሪ እንደዚያ ነው የሚያሳየው። ይቺን አንዴ ብቻ ምቱ፦

ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ኮር.ኮትፓዝ ፎልስ

ዳታው

ፎልደሬን ለሦስት ከፍዬዋለሁ፦ ጥሬ፣ ኮድ፣ ውጤት። ጥሬ ውስጥ የሚገባው ከመሣሪያው የወጣው ፋይል ብቻ ነው። እዚያ ማንም እጁን አይከትም። ውጤት ውስጥ ያለው በማንኛውም ሰዓት ተሰርዞ በኮዱ እንደገና መውጣት የሚችል መሆን አለበት። ስለዚህ ውጤትን ጊት እንዳያየው .ጊትኢግኖር በሚባለው ፋይል ውስጥ ስሙን እጽፋለሁ።

የእኛ ጥሬ ፋይሎች ትንንሽ ሲኤስቪዎች (ተራ የሠንጠረዥ ጽሑፍ ፋይሎች) ስለሆኑ ከኮዱ ጋር አብረው ይፈረማሉ። በዚህ የተጠቀምኩት ያልጠበቅኩትን ነው። አንድ ቀን ጊት ዲፍ «300 መስመር ተቀይሯል» አለኝ። እኔ ምንም አልነካሁም። ለካ አንድ ባልደረባዬ ፋይሉን በኤክሴል ከፍቶ አይቶ ሲዘጋ ሴቭ ብሎታል። ኤክሴል ደግሞ 0047 የሚለውን የናሙና ቁጥር 47 አድርጎታል፣ 1.40ን 1.4፣ ቀኖቹን እንደመሰለው ገልብጧቸዋል። በጄኔቲክስ የሚሠሩት ይሄን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ሴፕት 2 የሚባለውን ጂን ኤክሴል ሴፕቴምበር 2 ቀን እያደረገ ስላስቸገረ፣ የጂን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 የጂኖቹን ስም ራሱ ቀየረ። ኤክሴልን ከማስተካከል የጂን ስም መቀየር ቀለለ ማለት ነው።

የቀን ነገር ከተነሳ የእኛ ጣጣ ሌላ ነው። መሣሪያው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሎግቡኩ በእኛ። መሣሪያው 09:20 ያለውን ባልደረባዬ 3:20 ብሎ ይጽፋል። አንድ ጊዜ ጳጉሜ 3ን በወር 13 አስገብቼ ፓይተን «ወር ከ1 እስከ 12 ነው» ብሎ አባረረኝ። አሁን ሕጋችን ይሄ ነው፦ የፋይል ስም ላይ ዓመት-ወር-ቀን በፈረንጅ፣ ሰዓት በ24፤ የእኛው ቀን ካስፈለገ በራሱ አምድ፣ በጽሑፍ። ጊት ራሱ የፊርማውን ቀን የሚመዘግበው በፈረንጅ ነው።

ሌላው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ። ለእናንተና ለእኔ አንድ ከተማ ናት። ለኮዱ ሦስት ከተማ ናት፣ አማካዩንም ለሦስት ከፍሎ ያወጣዋል። የትክክለኛ ስሞች ዝርዝር በአንድ ፋይል ጻፉ፣ ከኮዱ ጋር ፈርሙት፣ ስክሪፕቱ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ስም ሲያገኝ እንዲቆም አድርጉ።

ትልልቅ ነገሮችን፣ የማይክሮስኮፕ ፎቶና ቪዲዮ የመሰለውን፣ ጊት ውስጥ አትክተቱ። የጊት ፎልደሮች ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጡበት ጊትሀብ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ባይከለከልም፣ አንዴ የገባ ነገር ታሪኩ ውስጥ ስለሚኖር ፎልደሩን ለዘላለም ያከብደዋል።

ይሄው ነገር የሕክምና ላብ ለሆናችሁ ዋናው አደጋ ነው። የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የዳታቤዝ ፓስወርድ አንዴ ኮሚት ከተደረገ ነገ ፋይሉን ብታጠፉትም ከታሪኩ አይጠፋም። ማጽጃ መሣሪያ አለ፣ ጊት ፊልተር-ሪፖ ይባላል፤ ግን ሌላ ሰው ቀድሞ ኮፒ አድርጎት ከሆነ የፈሰሰ ውሃ ነው። ፓስወርዱን ወዲያው ቀይሩ። ታካሚው ግን ስሙን መቀየር አይችልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው አይግባ።

ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ማተም

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ልትወስዱ ካላችሁ ይሄን ክፍል ውሰዱ። ብዙ ሰው ጊት ይጠቀማል፣ ኮሚትም ያደርጋል፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ቁጥሩ የለም። እንግዲያው ምን ዋጋ አለው? ከስድስት ወር በኋላ ያ ወረቀት በየትኛው ኮድ እንደወጣ አሁንም መገመት ነው።

አንድ ሜተድ (የአለካክ ዘዴ) ተፈትሾ ሲጸድቅ ታግ አድርጉለት፣ ማለትም ለዚያ ፊርማ ስም ስጡት፦

ጊት ታግ -ኤ ሜተድ-2 -ኤም "በአምስት ስታንዳርድ ተፈትሿል"

ከዚያ ስክሪፕታችሁ ሪፖርት ሲያወጣ ይህን ትእዛዝ ራሱ ጠርቶ መልሱን ከታች እንዲያትም አድርጉ፦

ጊት ዲስክራይብ --ኦልዌይስ --ደርቲ

ፓይተን ውስጥ ሰብፕሮሰስ በሚባለው ሁለት መስመር ይበቃል። ኮዱ በትክክል የጸደቀው ከሆነ «ሜተድ-2» ብሎ ያትማል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ለውጥ ከተፈረመ ታጉን፣ 3 ቁጥርንና የመጨረሻውን መለያ አጋጥሞ ያትማል። ያልተፈረመ ለውጥ ካለ ደግሞ መጨረሻው ላይ «ደርቲ» የምትል ቃል ይጨምራል። ቆሻሻ ማለት ነው። ቃሏን እወዳታለሁ፤ ያልታጠበ ቢከር ማለት ነው።

የድሮ ሪፖርት በድሮው ኮድ እንደገና ማውጣት ስትፈልጉ፦

ጊት ስዊች --ዲታች ሜተድ-1

ፎልደሩ ያኔ እንደነበረው ይሆናል። አሂዱት፣ አወዳድሩት፣ ከዚያ ጊት ስዊች ሜይን ብላችሁ ወደ ዛሬ ተመለሱ። ይሄን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ለጋሼ ጥያቄ መልሱ የአምስት ደቂቃ ነበር።

ሁለት ነገር ላይ ተጠንቀቁ። ጊት ሪስቶር ያልተፈረመ ለውጥን ያጠፋል፤ መመለሻ የለውም። ሪቤዝ እና ፎርስ ፑሽ የሚባሉትን፣ ያለፈ ፊርማን የሚቀይሩትን፣ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ «ታሪካችሁን አሳምሩበት» እያሉ ይመክሯችኋል። ሪፖርት በወጣበት ኮድ ላይ አታድርጉት። ያ ገጽ መገንጠል ነው።

ደግሞ መልሱ የሚታወቅ ፈተና ለኮዱ ጨምሩበት። ፓይቴስት የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ። የእኔ የመጀመሪያ ፈተና ያው ያዋረደኝ ናሙና ነው፦ 67.8፣ ስሎፕ 57፣ ስታንዳርድ 0.1 ሲገባ መልሱ 1.55 ካልሆነ ቁም። በየጠዋቱ ቼክ ስታንዳርድ እንደምንለካው ማለት ነው።

ይሄ ማካበድ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሆነውን ላውራ። ጄፍሪ ቻንግ የሚባል በፕሮቲን ቅርጽ ሥራው የተመሰገነ ተመራማሪ አምስት ጽሑፎቹን መሰረዝ ግድ ሆነበት። ሦስቱ ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጡ ናቸው። ምክንያቱ ከሌላ ላብ የተወረሰ የቤት ውስጥ ፕሮግራም ሁለት የዳታ አምዶችን አገላብጦ ስለነበር ነው። ከ2001 ጀምሮ ማንም አላየውም። ከሌላ ሰው በፍላሽ የተቀበላችሁት ስክሪፕት ካለ እስቲ ዛሬ ክፈቱትና በሚታወቅ ናሙና ፈትኑት።

መጠባበቂያ፣ ፍላሽና ሰርቨር

ታሪኩ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ነው ብያለሁ። ኮምፒውተሩ ከሞተ አብሮ ይሞታል። ኢንተርኔት ለሌለው የመሣሪያ ኮምፒውተር የምጠቀመው ፍላሽ ነው። ፋይል እየጎተቱ መገልበጥ አይደለም። ፍላሹን ራሱን የጊት ማከማቻ ታደርጉታላችሁ፦

ጊት ኢኒት --ቤር -ቢ ሜይን /ኢ/ፍሎራይድ.ጊት
ጊት ሪሞት አድ ፍላሽ /ኢ/ፍሎራይድ.ጊት
ጊት ፑሽ ፍላሽ ሜይን --ፎሎው-ታግስ

ቢሮ ያለው ላፕቶፕ ላይ በመጀመሪያው ቀን ጊት ክሎን (ሙሉውን መቅዳት)፣ ከዚያ በኋላ ጊት ፑል (አዲሱን ብቻ ማምጣት)። ጊት «ዱቢየስ ኦውነርሺፕ» ብሎ እንቢ ካላችሁ አትደንግጡ። ፍላሾች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት የፋይል አቀማመጥ ባለቤት ማን እንደሆነ ስለማይመዘግብ ነው። መፍትሔው የሆነውን ትእዛዝ እዚያው ራሱ ይጽፍላችኋል፣ ኮፒ አድርጋችሁ ምቱት። ፎልደሮችን ሾርትከት የሚያደርገው የታወቀው ቫይረስ ጎብኝቶት ከነበረ ደግሞ ጊት ኤፍኤስሲኬ በሉ፤ እያንዳንዱን ፊርማ ከይዘቱ ጋር አመሳክሮ የጎደለ ካለ ይነግራችኋል።

ኮዱ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሄድ መልሱ አብሮ የሚቀየርበት ጊዜም አለ። በ2014 የታተሙ የኬሚስትሪ ስሌት ስክሪፕቶች ነበሩ። በ2019 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ሲያስኬዷቸው መልሱ ይለያያል። ምክንያቱ ስክሪፕቱ ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በተርታ መምጣታቸውን አምኖ ማንበቡ ነው። ተርታው ግን በየሲስተሙ ይለያያል። መድኃኒቱ «ሶርትድ» የምትል አንዲት ቃል ናት። እናንተም ፋይል በዝርዝር የምታነቡ ከሆነ ጨምሯት። ኮዱ የሚጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች (የሌላ ሰው ዝግጁ ኮዶች) የቅጂ ቁጥርም በፒፕ ፍሪዝ አውጥታችሁ ሪኳየርመንትስ በሚል ፋይል ከኮዱ ጋር ፈርሙ።

ኢንተርኔት ካላችሁ ጊትሀብ ወይም ጊትላብ ላይ ማስቀመጥ ይቀላል። ጊትሀብ ከ2008 ጀምሮ ያለ ነው፣ ከ2018 ወዲህ የማይክሮሶፍት ሆኗል፤ ለሌላው የማይታይ የግል ማከማቻም በነጻ ይሰጣል። ዳታው ከግቢ አይውጣ የሚባልበት ቤት ከሆነ ጊቲያ የሚባለውን፣ ጊትሀብን የሚመስል ፕሮግራም፣ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ጭናችሁ በውስጥ ኔትወርክ ብቻ መጠቀም ትችላላችሁ። ቀላል ስለሆነ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ይሄዳል። እኛ የምንሠራው እንደዚያ ነው። ማሽኑ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ተቀምጧል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ ይነሳል።

ጁፒተር ኖትቡክ የምትጠቀሙ ዲፉ ዝባዝንኬ ይሆንባችኋል፤ ግራፉና ውጤቱ ከኮዱ ጋር ስለሚቀመጥ ነው። ኤንቢስትሪፕአውት ጫኑ፣ ከመፈረሙ በፊት ውጤቱን ይገፈዋል።

ለሌላው መክፈት

ኮዳችሁን ለሌላ ላብ መስጠት ብትፈልጉ መጀመሪያ አለቃችሁን ጠይቁ። በሥራ ሰዓት የተጻፈ ኮድ የመሥሪያ ቤቱ ሊሆን ይችላል። ከተፈቀደ ፈቃድ የሚባለውን ፋይል ጨምሩ። ኢንተርኔት ላይ ስለወጣ ብቻ ማንም ይጠቀምበታል ማለት አይደለም፤ ፈቃድ የሌለው ኮድ መብቱ የተጠበቀ ነው፣ ጠንቃቃ ሰው አይነካውም። «ስሜን አትርሱ እንጂ የፈለጋችሁትን አድርጉ» ለማለት ኤምአይቲ። «አሻሽላችሁ ስታከፋፍሉ እናንተም ክፈቱት» ለማለት ጂፒኤል። ኢሜጅጄን ብዙዎቻችሁ ሴል ለመቁጠር ትጠቀሙበታላችሁ። እሱን ዌይን ራስባንድ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ ሠርቶ ለሕዝብ የተተወ ነው። ባይተው ኖሮ እዚህ ማን ይገዛው ነበር?

ለምረቃ ጽሑፍ ወይም ለጆርናል ከሆነ ዜኖዶ ላይ አስቀምጡት። ሰርን የሚባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ተቋም የሚያስተዳድረው ነጻ ማኅደር ነው፣ ከ2013 ጀምሮ አለ። ከጊትሀብ ጋር ስታገናኙት ለየቅጂው ዲኦአይ (ቋሚ መለያ) ይሰጣችኋል፣ ጽሑፋችሁ ላይ የምትጠቅሱት እሱን ነው።

ሐሙስ ዕለት አንድ አስቸኳይ ሪፖርት ለፊርማ ወሰድኩ። ደንበኛው በር ላይ ቆሟል። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ቁጥሮቹን ዘለው ከታች ያለችውን መስመር አነበቡ። «ደርቲ ይላል» አሉና እስክሪብቶውን ከደኑት። አንድ ኮሜንት (ኮዱ ውስጥ ለሰው የሚጻፍ ማስታወሻ) ላይ የፊደል ግድፈት አርሜ ሳልፈርም ነበር። ተመልሼ ኮሚት አደረግሁ፣ ድጋሚ አተምኩ፣ ፈረሙ።